የሜክሲኮ ዓሣ በፍም ላይ፦ ዛላው ለምን መረረብኝ?

ሰማያዊ ጓዳ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። አጥር የሚያዋስነን ቤተሰብ ከናያሪት የመጣ ነው፤ ናያሪት በሜክሲኮ የፓሲፊክ ዳርቻ ያለ ክፍለ ግዛት ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት «ፔስካዶ ሳራንዴያዶ» የሚሉትን ዓሣ ሲጠብሱ ጠሩን። ዓሣው በሆዱ ሳይሆን በጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ተገልጧል። ሥጋው ላይ ቀይ ልውስ ተቀብቶ፣ በሁለት የሽቦ ፍርግርግ መሃል ተይዞ ፍም ላይ ይገላበጣል። ሲበስል ሁሉም ዙሪያውን ቆሞ በእጁ እየቆረሰ፣ በቶርቲያ (በስሱ የሜክሲኮ ቂጣ) እየጠቀለለ ይበላል። ከአንድ ትሪ መብላት ናፍቆኝ ስለነበር ልቤን ነካው።

እኔም ልሠራው ተነሣሁ፤ ሁለቴ ተበላሸብኝ። መጀመሪያ እናቴ የላከችልኝን በርበሬ በሎሚና በማዮኔዝ ለውሼ ቀባሁት። ቅመሙ ዓሣውን ዋጠው፤ ወጥ ወጥ አለ። ሁለተኛ ጊዜ ከሜክሲኮ ሱቅ «ጓሂዮ» የሚባለውን ዛላ ገዝቼ ምጣድ ላይ ደህና አድርጌ አመስኩት፣ በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩ፣ ፈጨሁ። እንደ ሬት መረረ። ትልቅ ዓሣ ነበር፣ ጣልኩት፤ ምግብ መጣል ደግሞ እንቅልፍ ይነሣኛል። የት ላይ ነው የሳትኩት? የምታውቁ ንገሩኝ።

ጉልቻ

እህቴ፣ ዘጠኝ ዓመት በባሕር ምግብ ቤት ጓዳ ሠርቻለሁ። አብረውኝ የቆሙት ምግብ ሠሪዎች ከሜክሲኮ ክፍለ ግዛቶች፣ ከሲናሎዋ፣ ከቬራክሩዝና ከዩካታን ነበሩ፤ ያወቅሁትን ሁሉ ከእነሱ ነው ያወቅሁት። ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

ስለ በርበሬው፦ የእናትሽ በርበሬ በርበሬ ብቻ አይደለም። ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድ፣ በሶብላ፣ የጤና አዳም ፍሬ፣ ነጭ ሽንኩርት አለበት። ብዙ ሽንኩርት ላይ ረጅም ሰዓት ሊቁላላ የተሰናዳ ነው። ፍም ላይ ሃያ ደቂቃ ለሚቆይ ዓሣ ስትቀቢው ቅመሙ ጥሬውን ይቀራል። እነሱ ዘንድ ደግሞ ዛላው ራሱ ቅመም ነው። እያንዳንዱ ዛላ የራሱ ስምና ጠባይ አለው፤ ጓሂዮ ቀይ፣ ለስላሳና ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ነው፤ አንቾ ደርቆ የጠቆረው ፖብላኖ ነው፣ ጣፈጥ ይላል፤ ቺሌ ዴ አርቦል ቀጭንና የሚያቃጥል ነው፤ ቺፖትሌ ቀልቶ በጢስ የደረቀ ሃላፔኞ ነው። «ሜክሲኮ በርበሬ» ብሎ አንድ ነገር የለም።

ስለ ምሬቱ፦ አቃጥለሽዋል። የጓሂዮ ልጥ ስስ ነው። ግንዱን ቆርጠሽ፣ ፍሬውን አራግፈሽ፣ ዘርግተሽ መካከለኛ ሙቀት ያለው ምጣድ ላይ በአንድ ጎኑ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ፤ ገልብጠሽ ሌላ 10 ሰከንድ። ቀለሙ ፈካ ሲልና ሽታው ሲያውድ አንሺው። ጢስ ካየሽ አልፏል፣ ያን ዛላ ጣዪውና በሌላ ተኪው። እኔን ያስተማረኝ የሲናሎዋ ሰው ሲያምስ ማንም እንዲያናግረው አይፈቅድም ነበር፤ ዓይኑ ከምጣዱ አይነሣም። ከዚያ በሞቀ ውሃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፊ፤ የሚፍለቀለቅ ውሃ አያስፈልግም። የዘፈዘፍሽበትን ውሃ ቅመሺው። መራራ ከሆነ ድፊና በንጹሕ ውሃ ፍጪ። ከተፈጨ በኋላ በወንፊት አጥልዪው፤ ይህን ከዘለልሽ ልጡ ጉሮሮ ላይ መቅረቱ ብቻ አይደለም፣ ልውሱ ዓሣው ላይም አይያዝም።

ለአንድ ኪሎ ተኩል ዓሣ የማደርገው፦ 5 ጓሂዮ፣ 1 ወይም 2 አርቦል፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ሩብ ኩባያ የሎሚ ጭማቂ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ አኩሪ አተር ሶስ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ፣ ቁንጥር ኦሬጋኖ፣ ጨው። ማዮኔዙ ልውሱን ሥጋው ላይ ያጣብቀዋል፣ ሥጋውም እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል። ዓሣውን ቀብተሽ ግማሽ ሰዓት ተዪው፤ ሎሚ ስላለበት ከዚያ በላይ አታቆዪው፣ ሥጋው ይላላል። በቆዳው በኩል ፍሙ ላይ አስቀምጪ፣ ልውሱን በላዩ እየጨመርሽ፤ ወፍራሙ ቦታ ውስጡ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በስሏል።

የዚህ ዓሣ አገሩ ተብላ የምትጠራው ናያሪት ውስጥ ሜክስካልቲታን የምትባል በሐይቅ መሃል ያለች ትንሽ ክብ ደሴት ናት። በክረምት ውሃው መንገዶቿን ሲሞላቸው ሰው በታንኳ ነው ከቤት ቤት የሚሄደው። ድሮ የሚጠብሱት በማንግሮቭ እንጨት ፍም ነበር፤ ዛሬ ማንግሮቭ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ሌላ እንጨት ይጠቀማሉ። ጎረቤቶችሽን ጠይቂያቸው፣ ስለ ደሴቷ ሲያወሩ ፊታቸው ሲበራ ታያለሽ።

ሰማያዊ ጓዳ

ጉልቻ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ምጣዱ ላይ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው ያቆየሁት! በርበሬ ሲታመስ ያደግሁበት ዓይን ነው ያሳሳተኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ቬራክሩዝም ዩካታንም አልክ። እነሱም እንዲሁ በዛላ ነው የሚያጣፍጡት?

ጉልቻ

የለም፣ በፍጹም። ይህን የጠየቅሽው ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው የሜክሲኮ ዓሣ ሲባል ቀይና የሚያቃጥል ብቻ ይመስለዋል። ቬራክሩዝ በ1519 እ.ኤ.አ. የስፔኑ ወራሪ ኮርቴስ የወረደባት ወደብ ናት፤ የስፔን እጅ ምግቧ ላይ እስካሁን ይታያል። የእነሱ «ዋቺናንጎ አ ላ ቬራክሩዛና» ቀይ የባሕር ዓሣ ነው፤ በቲማቲም፣ በሽንኩርት፣ በአረንጓዴ የወይራ ፍሬ፣ በኬፐር (በተቀመጠ ጎምዛዛ የአበባ እንቡጥ)፣ በሎረል ቅጠልና በኦሬጋኖ ይሠራል። የሚጨመረው ቃሪያም በሆምጣጤ የተቀመጠው ነው፣ ከጎን ጣል ይደረጋል። ሲበሉት አያቃጥልም፤ ኮምጠጥና ጨው ጨው ይላል። ወይራውና ኬፐሩ በመርከብ የመጡ ናቸው፣ ቲማቲሙና ቃሪያው የአገሩ።

እዚያው ቬራክሩዝ «ቺልፓቾሌ» የሚሉት የሸርጣን ሾርባ ደግሞ አለ። ቺፖትሌ ገብቶበት በበቆሎ ሊጥ ይወፍራል፤ «ኤፓሶቴ» የሚባል ጠረነ ብርቱ ቅጠል ይጣልበታል። አንድ ክረምት የሥራ ባልደረባዬ ታምሜ ሳለ በድስት አምጥታልኝ ነበር። ጣዕሙን አልረሳውም።

ኮባ

ዩካታንን ለእኔ ተዉልኝ። እዚያ ሜሪዳ ከተማ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ።

የማያ ሕዝብ «ቲኪን ሺክ» የሚለው ዓሣ አለ። ቀለሙ ከበርበሬ አይደለም፤ «አቺዮቴ» ከሚባል ዛፍ ፍሬ ነው። ፍሬዋ እንደ ጠጠር ትንሽና ጠንካራ ናት፣ ቀለሟ ሸክላ ቀይ። እሷን ከኦሬጋኖ፣ ከቁንዶ በርበሬ፣ ከቅርንፉድ፣ ከትንሽ ከሙን፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከኮምጣጣ ብርቱካን ጭማቂ ጋር ፈጭተው «ሬካዶ ሮሆ» የሚሉትን ድልህ ያወጣሉ። ዓሣው በዚህ ይለወስና በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ፍም ላይ ይሄዳል።

ኢስላ ሙሄሬስ ደሴት ላይ አንዲት ሴትዮ ሲሠሩ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ቅጠሉን መጀመሪያ ፍሙ ላይ ያሳልፉታል። አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። ደብዛዛው አረንጓዴ እያበራ ይሄዳል፣ እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል። ያኔ ነው የሚጠቀልሉበት፤ ጥሬውን ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር። የታየኝ እናቴ ዳቦ ልትጋግር ኮባውን እሳት ላይ ስታንገበግብ ነው። እጃቸውም አንድ ነበር፣ የማይቸኩል።

ኮምጣጣው ብርቱካን ካልተገኘ ሁለት እጅ የብርቱካንና አንድ እጅ የሎሚ ጭማቂ ይሁን። አቺዮቴ ልብስ ላይ ከነካ አይለቅም፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሳችሁ አትሥሩ። ካምፔቼ ደግሞ ብትሄዱ «ፓን ዴ ካሶን» አለላችሁ፤ ትንሽ ሻርክ ተቀቅሎ ይፈተፈትና በቶርቲያና በጥቁር ባቄላ መሃል ይነጠፋል፣ ላዩ ቲማቲም ስልስ፣ ጫፉ ላይ አንድ አባኔሮ ቃሪያ።

የሐዋሳ ልጅ

ይህን እያነበብኩ ምራቄ ሞላ። ሐዋሳ ነው ያለሁት። ዓሣው ከአሞራ ገደል ጠዋት ትኩሱን ይገኛል፤ ቆሮሶ ነው በብዛት። ኮባ ቅጠል ደግሞ በየጓሮው ነው። ግን አቺዮቴ የሚባል አላየሁም። ጓሂዮም የለም። የኛ ሰው እንዲሁ መሞከር ይችላል ወይስ ይቅርብኝ?

ሚጥሚጣ ነኝ

ምን ችግር አለ፣ ሚጥሚጣ ነስንሺበት። ያው በርበሬ ነው። እኔ ለሁሉም ዓሣ እሱን ነው የማደርገው፤ አባኔሮም ሚጥሚጣም ማቃጠላቸው አንድ ነው።

ጉልቻ

ወንድሜ፣ ማቃጠላቸውን አልክድም። አባኔሮን ግን ቆርጠህ አሽትተው፦ የበሰለ ፍራፍሬ ሽታ አለው፣ የዩካታን ሰው የሚፈልገው ያን ሽታ ነው። ሚጥሚጣ ኮረሪማና ጨው ያለበት፣ ለክትፎ የተቀመመ ነገር ነው። ዓሣ ላይ ቢደረግ ጥሩ ምግብ ይሆናል፤ ቲኪን ሺክ ግን አይሆንም።

የሐዋሳዋ እህቴ፣ አይቅርብሽ። ያልተቀመመ፣ ሙሉ ዛላ በርበሬ ከገበያ ግዢ። ዛላ በርበሬ የተባለ ሁሉ ዘሩ ከዚያው ከአሜሪካ አህጉር ነው፣ የሜክሲኮ ጓሂዮና የኛው ዛላ አንድ ዝርያ ናቸው። ፍሬውንና ውስጡን ነጭ ጅማት አውጥተሽ ብትጥዪ ማቃጠሉ ይቀንሳል፤ እንዳልኩት ለሰከንድ ብቻ አምሰሽ፣ ዘፍዝፈሽ፣ አጥልለሽ ከሎሚ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር። ይህ ወደ ሳራንዴያዶው የሚጠጋ ነው። ቆሮሶ ትንሽ ስለሆነ ከ12 ደቂቃ በላይ አይፈልግም።

ቅጠል በጣሽ

ስለ ኦሬጋኖው አንድ ነገር ልጨምር፣ ሥራዬ ከዕፅዋት ጋር ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሜክሲኮዎች «ኦሬጋኖ» የሚሉት ከጣሊያን ፒሳ ላይ ከሚነሰነሰው ጋር ዘመድ አይደለም። የእነሱ በሳይንስ ስሙ ሊፒያ ግራቬዎለንስ ይባላል። የኛ ኮሰረትም ሊፒያ ነው! ቂቤ የምናነጥርበት፣ ጉራጌ ለክትፎው የማይለየው ኮሰረት የሜክሲኮ ኦሬጋኖ የአጎት ልጅ ነው።

ዘመድ ማለት ግን መንታ ማለት አይደለም። ኮሰረት ለስለስ ያለ፣ ጣፋጭ ጠረን አለው። የሜክሲኮው ሹል ነው፣ አፍንጫ ይወጋል። ያን ሹልነት የሚሰጡት ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ዘይቶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከደጋው ጦስኝ ውስጥ ሞልተዋል። ስለዚህ የሐዋሳ ልጅ፣ ሁለት እጅ ኮሰረት፣ አንድ እጅ ጦስኝ ደረቁን በመዳፍሽ አሽተሽ ሞክሪ። እኔ ቤት ሞክሬ ወድጄዋለሁ።

ሰማያዊ ጓዳ

ኮሰረት!! ቁም ሣጥኔ ላይ አለኝ እኮ። በሉ ቅዳሜ እሞክራለሁ።

ያፎ በር

ከእስራኤል ነኝ። ቬራክሩዛናውን ለሰንበት ሠራሁት፤ እኛ ቤት ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ነገር ስለማይገባ ሽሪምፕም ሸርጣንም የለም። ለዚህ ምግብ ግን የሚያስፈልገው ቅርፊት ያለው ዓሣ ነው፣ ወይራና ኬፐር ደግሞ እዚህ የትም አለ። አያቴ መጀመሪያ «ወይራ ወጥ ውስጥ?» አሉ። ከዚያ መረቁን በዳቦ ጠርገው ጨረሱት። ቲማቲሙን ብቻውን 20 ደቂቃ አብስዬ፣ ዓሣውን ኋላ ላይ ነው የከተትኩት፤ አልፈረሰብኝም።

ዘወትር ጾመኛ

ይህን ጥያቄ እዚህ ማንሣት አለብኝ። የሜክሲኮ ሰዎች በጾማቸው ወራት ዓሣና ሽሪምፕ ይበላሉ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

ጉልቻ

እውነት ነው። አብዛኞቹ ካቶሊኮች ስለሆኑ በዐቢይ ጾም አርብ አርብ ሥጋ ይተዋሉ፣ ዓሣ ግን ይበላሉ። የምሠራበት ቤት በዓመት ውስጥ ትልቁ ጥድፊያ ያኔ ነበር። የደረቀ ሽሪምፕ ፈጭተው ከእንቁላል ጋር ቂጣ ያደርጉና «ሮሜሪቶስ» ከሚባል ቅጠል ጋር ሞሌ በሚባል የዛላና የቅመም ስልስ ያቀርቡታል።

ለእኛ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከተማ ውስጥ ብዙ ምግብ ቤት በጾም ዓሣ ያቀርባል፣ አባቶች ደግሞ አይበላም የሚሉ አሉ። ሽሪምፕማ ከጾም ውጭም ብዙ ምእመን አይነካውም። እዚህ የምጽፈው ስለ ማብሰል ነው፤ ስለ ጾሙ የንስሐ አባትህን ጠይቅ ወንድሜ።

ዱባይ ያለችው

እህት ወንድሞች፣ እኔ የማያቸው ቪዲዮዎች ላይ «አጓቺሌ» የሚባል አለ፣ ሽሪምፑን ጥሬውን በሎሚና በቃሪያ ነክረው ይበሉታል። እዚህ ሽሪምፕ ረክሷል። አሥር ደቂቃ ሎሚ ውስጥ ሲቀመጥ ነጭ ይሆናል፣ በስሏል ማለት ነው?

ጉልቻ

እህቴ፣ አልበሰለም። ይህን ስሚኝ። ሎሚው ሥጋውን ያጠነክረዋል፣ ቀለሙን ይለውጠዋል፤ ጀርሙን ግን እንደ እሳት አይገድለውም። ከ−20 ዲግሪ በታች ሰባት ቀን ማቀዝቀዝ ጥገኛ ትላትልን ይገድላል፣ ባክቴሪያ ግን ይተርፋል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ወይም ለሕፃንና ለታመመ ሰው ከሆነ ፈጽሞ አታድርጊው። የሐይቅ ዓሣም ጥሬውን አይነካም፣ ይህ ለሐዋሳዋ ነው።

አጓቺሌን ለመቅመስ ሌላ መንገድ አለ። ሽሪምፑን በሚፈላ ጨዋማ ውሃ አንድ ሁለት ደቂቃ፣ ሮዝ እስኪሆንና መሃሉ እስኪነጣ ድረስ ቀቅዪ፤ ወዲያው በረዶ ውሃ ውስጥ ክተቺ። ከዚያ ነው መረቁ የሚመጣው፦ የሎሚ ጭማቂ፣ አረንጓዴ ቃሪያ፣ ድንብላል ቅጠል፣ ጨው አብረሽ ፍጪ፤ ኪያር በስሱ ቁረጪ፣ ቀይ ሽንኩርት ጨምሪ። የሲናሎዋ ሰዎች ድሮ የሚያደርጉት «ቺልቴፒን» የሚባለውን ነው፤ ጫካ ውስጥ የሚበቅል፣ አተር የምታህል ክብ ደረቅ በርበሬ። በድንጋይ ሙቀጫ ይወቅጡታል። ባልደረባዬ ከአገሩ በትንሽ ጠርሙስ ያመጣውን በቁጥር ነበር የሚሰጠን፤ ለአንድ ሳህን አምስት ፍሬ።

ኮባ

ሙቀጫቸው ሦስት እግር ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። አዲስ ሲገዛ ብዙ ጊዜ ሩዝና ጨው እየፈጩበት አሸዋውን ያስለቅቁታል። ያንን ካልሠራችሁት ምግቡ ውስጥ ድንጋይ ትበላላችሁ።

ሰማያዊ ጓዳ

ቅዳሜ ሠራሁ። ቁጭ ብዬ ልንገራችሁ።

ዛላውን አንድ በአንድ አመስኩ፣ በአፌ እስከ አሥራ ሁለት እየቆጠርኩ። ቀለሙ ሲፈካ አየሁት፤ የዘቢብ ሽታ ሸተተኝ። የዘፈዘፍኩበትን ውሃ ቀመስኩ፣ ትንሽ ጎምዘዝ አለኝና ደፋሁት። ሳጠልለው ወንፊቱ ላይ የቀረው ልጥ ብዛት አስገረመኝ፤ ያለፈው ጊዜ ያን ሁሉ ዓሣው ላይ ነበር የቀባሁት ለካ። ኦሬጋኖውን ትቼ ኮሰረትና ጦስኝ አደረግሁ።

ፍሙን ያቀጣጠለልኝ የጎረቤታችን አባወራ ነው። የሚስቱ እናት የሰማንያ ዓመት ሴት ናቸው፣ እንግሊዝኛ አይናገሩም። ከጭራው በኩል ቆርሰው ቀመሱ፣ ዝም አሉ፣ እንደገና ቆረሱ። ከዚያ በጣታቸው ልውሱን እየጠቆሙ ልጃቸውን አንድ ነገር ጠየቋት። «ይህ ቅጠል ምንድን ነው ይላሉ» አለችኝ። ገብቼ የኮሰረቱን ከረጢት አመጣሁላቸው። አፍንጫቸውን ከተው ረጅም ሰዓት አሸተቱት። ግማሹን በላስቲክ አድርጌ ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ደግሞ ማታ ላይ በልጅ ልጃቸው እጅ አንድ ጥቅል ጓሂዮ ላኩልኝ።

ቅጠል በጣሽ

አንብቤ እንባዬ መጣ። ከረጢቱን ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡት በያቸው፣ ጠረኑ ቶሎ ይበናል።

የሐዋሳ ልጅ

እኔም ትናንት ሞከርኩ፣ በኮባ ጠቅልዬ። ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ወንድሞቼ ተሻሙበት። ግን ቅጠሉ በአንድ በኩል ተቃጥሎ ተቀደደና መረቁ ፍሙ ላይ ፈሰሰ። ምን ላድርግ?

ኮባ

ሁለት ድርብ ቅጠል አድርጊ፣ የውስጠኛው ጅማት በአግድም፣ የውጭው በቁመት ይሁን። ከመጠቅለልሽ በፊት ወፍራሙን መሃል ጅማት ከጀርባው በቢላ ላጪው፣ የሚሰነጠቀው እዚያ ላይ ነው። ፍሙም ነበልባሉ ወርዶ አመድ ከለበሰ በኋላ ይሁን።